ማይኩን አትንኩብኝ!

ትናንት ማታም ጊታር ልጫወት ስዘጋጅ ያው ነገር ተደገመ። ቲዩብ አምፔን፣ ማለትም በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራውን የጊታር ድምፅ ማጉያዬን፣ ቀደም ብዬ አብርቼ አሙቄያለሁ። የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩትን ፔዳሎቼን ደርድሬያለሁ፤ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽኑ ከፊት፣ የሚያስተጋባው ዲሌዩ ከኋላ። ከአምፑ ስፒከር ፊት የሚቆመውን ማይክ ለማስተካከል ብቻ ግማሽ ሰዓት ተንበርክኬያለሁ።

ማይኩ ኤስኤም57 ነው፤ ከ1965 ጀምሮ የሚሠራ፣ የታወቀ ማይክ። ግን ቦታው ወሳኝ ነው። የስፒከሩ መሃል ላይ ካነጣጠርከው ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ወደ ጠርዙ 2 ወይ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ስታስጠጋው ይለሰልሳል፣ ይወፍራል። ያቺን ቦታ አገኘኋትና በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግኩባት።

ድምፅ የሚቆጣጠረው ሳውንድ ማኑ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይል ማይኩን ከማቆሚያው ነቅሎ በኬብሉ አንጠለጠለው! አሁን ማይኩ የሚያየው ስፒከሩን ሳይሆን ወለሉን ነው። ምን ሊሰማ ነው? ይህ ማይክ እኮ ድምፅ የሚይዘው ከአፍንጫው ፊት ነው። በዚያ ላይ ሰው በተራመደ ቁጥር ይወዛወዛል።

ደግሞ «ቀንሰው» ይለኛል። እሺ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ አምፕ ድምፃዊውን እንደሚውጥ ይገባኛል። ግን ቲዩብ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ትንሽ ካልተገፋ ነፍስ አይዘራም። አምፑን ወደ ጎን እናዙረው ብዬ ለመንኩት። አልሰማኝም። ፔዳሎቼንም ከመብራቶቹ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ሰካቸውና ሌሊቱን ሙሉ «እዝዝዝ» ሲል አደረ።

ቢያንስ ይጠይቀኝ! ፕላስተሩ እኮ እዚያው ስፒከሩ ላይ ነበር።