ክንድ ለኪዎቻችን ይኑሩልን

እስቲ ዛሬ እንኳን ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በየሀበሻ ካፌው፣ በየፓርኪንግ ሎቱ፣ ኤርፖርት ተራ በሚጠበቅበት ሳይቀር፣ ሳንቲም ሳይከፈላቸው የዋሽንግተኑን የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ የኮማንደርስን ኦፌንሲቭ ላይን ሲገነቡና ሲያፈርሱ የሚውሉ ወገኖች አሉን። ክለቡ በ2023 ሲሸጥ 6.05 ቢሊዮን ዶላር ነው የወጣበት። ገዢዎቹ ያን ሁሉ ብር ከፍለው ሲያበቁ ደሞ ስካውት (ተጫዋች መልማይ) ቀጠሩ፣ ጀነራል ማናጀር ቀጠሩ፣ ዶክተር ቀጠሩ፣ የዳታ ሰው ቀጠሩ፣ ምን ነካቸው ግን? ሲልቨር ስፕሪንግ ብቅ ብለው አንድ ማኪያቶ ቢጋብዙ ባንድ ከሰዓት ያለቀ ነገር ነበር እኮ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ኦፌንሲቭ ላይን ማለት አምስት ሰው ነው፣ መሀል ሴንተር፣ ግራና ቀኙ ሁለት ጋርድ፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክል። አብዛኞቹ 300 ፓውንድ ያለፉ ናቸው፣ በኪሎ 136 አካባቢ መሆኑ ነው። ስራቸው ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ሊደፍቁት ከሚመጡት መጋረድና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። ጎል አያገቡም፣ ኳስ ይዘው አይፈነጥዙም፣ ማልያቸውን የሚገዛ ህፃን የለም፣ ስታዲየም ውስጥ የሚጠሩት ሲያጠፉ ብቻ ነው፣ ያውም በስማቸው ሳይሆን ዳኛው ማይኩን ከፍቶ ቁጥራቸውን ሲናገር። እንግዲህ ዓለም የረሳቸውን እነዚህን አምስት ሰዎች ያስታወሰ የኛ ሰው ነው፣ ሊያውም ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ አብዛኛው ክለብ ጨዋታውን በጨረሰበት ወቅት። ጨዋታው ሲጀመር የሚሆነውን ቆይተን እናያለን።

የመጀመሪያው የሚደነቅ ነገራቸው ሳያዩ ማወቃቸው ነው። በ2025 ድራፍት፣ ማለት ክለቦች ከየዩኒቨርሲቲው ልጅ ተራ በተራ በሚመርጡበት፣ ክለቡ በ29ኛ ምርጫ ጆሽ ኮነርሊ የሚባል ታክል ከኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። የኦሬገን አንዳንድ ጨዋታ የሚካሄደው በኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲጠጋ ነው፣ ያን ሰዓት ደሞ የኛ ተንታኝ ወይ ከአዳምስ ሞርጋን ሰካራም ጭኖ ወደ አርሊንግተን እየወረደ ነው ወይ ተኝቷል። ግን ልጁ በተመረጠ በሁለተኛው ደቂቃ "እግሩ ጥሩ ነው፣ እጁን ግን ቀድሞ ይጥላል" ብሎ ደመደመ። ከየት አመጣኸው ሲባል ዩቲዩብ ላይ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ አይቷል፣ ያውም ከስር ዘፈን የተለቀቀበት፣ ያውም በ1.5 ፍጥነት። ስካውቶቹ ሶስት ዓመት ሙሉ ልጁን ሲከታተሉ ሆቴል የፈጁት ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ እኔ አልገባኝም።

ሁለተኛው የክንድ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በዚህ ሙያ ታክል የሆነ ሰው ክንዱ ቢያንስ 33 ኢንች መሆን አለበት የሚባል ነገር አለ። በ2025 ድራፍት ዋዜማ ዊል ካምቤል የሚባል የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልጅ ኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን ላይ (ከድራፍቱ በፊት ልጆቹ የሚለኩበትና የሚፈተኑበት ነው) ሲለካ 32 ከ5/8 ሆነ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲለካ ደሞ 33 ሞላ። ልዩነቷ አንድ ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ለዚች ነገር አገር ምድሩ ተነሳ፣ ጋርድ ይሁን ታክል ይሁን ተብሎ በሬዲዮ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ኒው ኢንግላንድ በአራተኛ ምርጫ ወሰደው። እኛ ካፌ ደሞ ልጁ የኛ እንደማይሆን እየታወቀ ጉዳዩ ሶስት ቀን ተሰማ። በሶስተኛው ቀን አንዱ ተነስቶ ጎን ካለው የባህል ልብስ ሱቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሶ መጣ። ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነው የሚለካው፣ ይሄን እንኳ በትክክል ያውቃሉ፣ ልንገራችሁ ከክንድ አለካክ ጋር ቀልድ የለም። ጃኬት እያወለቁ ተራ በተራ ተለኩ። ጋሼ (ስማቸውን አልጠራም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) 28 ሆኑ።

"ጋሼ ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉት እንጂ፣ እንደሱ አይለካም" አለ ለኪው።

"አንተ ልጅ፣ ሜትሩ ነው የተሳበው። በል እንደገና ለካኝ።"

እንደገና ሲለኩ 28 ከሩብ። "አላልኩህም!" አሉ፣ ቤቱ አጨበጨበ። ጋርድ ይሆናሉ ተባለ። አስተናጋጇ ማኪያቶ ይዛ ቆማ የምታየውን ማመን አቅቷት "ለሱሪ ነው?" ብላ ጠየቀች፣ የመለሰላት የለም። ሱቅ ውስጥ ደሞ ለሰርግ ጥልፍ ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ሴት ሜትሩ እስኪመለስ ሀያ ደቂቃ ጠበቀች። እንዲህ አይነት ለእውቀት የሚከፈል መስዋእትነት ሌላ የት ይገኛል?

ከክንዱ ቀጥሎ ሩጫው አለ። ኮምባይን ላይ እነዚህን ግዙፍ ሰዎች 40 ያርድ ያሯሯጧቸዋል። በጨዋታ ጊዜ አንድ ላይንማን 40 ያርድ በቀጥታ የሚሮጥ ከሆነ ወይ ኳስ ተነጥቆብን እያሳደደ ነው ወይ ስታዲየሙ እየተቃጠለ ነው፣ ግን ይሮጣሉ፣ እኛም ሰዓት እንይዛለን። በ2018 ኦርላንዶ ብራውን የሚባል ልጅ በ5.85 ሰከንድ ገባ፣ 225 ፓውንዱን ብረት ደሞ 14 ጊዜ ብቻ አነሳ። በቃ ተሳቀበት፣ አለቀለት ተባለ፣ ወርዶ ወርዶ 83ኛ ሆኖ ባልቲሞር ወሰደው፣ እዚሁ አፍንጫችን ስር። ልጁ ከዛ በኋላ አራት ጊዜ ፕሮ ቦውል፣ የኮከቦቹ ምርጫ ውስጥ፣ ገባ፣ በ2023 መጀመሪያ ደሞ ከካንሳስ ሲቲ ጋር ሱፐር ቦውል፣ የሊጉን ዋንጫ፣ በላ፣ ያን ቀን ፊላደልፊያ ኳርተርባኩን አንዴ እንኳ ሳክ ማድረግ፣ ኳሱን ሳይወረውር መጣል ማለት ነው፣ አልቻለም። የኛ ሊቃውንት ታዲያ ምን አሉ? "እሱ ኤክሴፕሽን ነው።" ሰው እንደዚህ በእምነቱ ሲፀና ደስ አይልም?

ፊላደልፊያን ካነሳን ጆርዳን ማይላታም ኤክሴፕሽን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ራግቢ ሲጫወት የነበረ ልጅ ነው፣ ፉትቦል የሚባል ነገር አንድም ጨዋታ ሳይጫወት በ2018 በሰባተኛ ዙር 233ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ በ2025 መጀመሪያ ሱፐር ቦውል የበላው ቡድን ሌፍት ታክል (የግራው ታክል) ነበር። የነሱው ሴንተር የነበረው ጄሰን ኬልሲ ስድስተኛ ዙር፣ እሱም ኤክሴፕሽን። የኛው የራሳችን ጆ ጃኮቢ ደሞ በ1981 ጭራሽ ማንም አልመረጠውም ነበር፣ እሱማ የኤክሴፕሽን አባት።

ጃኮቢን ስጠራ ጋሼ ፊታቸው ይበራል። ብዙ የኛ ሰው በሱዳን አድርጎ እዚህ ከተማ የገባው በ80ዎቹ ነው፣ ያን ጊዜ ደሞ ክለቡ በላይኑ አለምን ያንቀጠቀጠበት ጊዜ ነበር፣ የላይኑ አሰልጣኝ ጆ ቡጀል "ሆግስ" ብሎ የሰየማቸው፣ አሳሞቹ ማለት ነው። ጃንዋሪ 1983 ማያሚን 27 ለ 17 አሸንፈው ሱፐር ቦውል ሲበሉ ሯጩ ጆን ሪጊንስ የሮጠው 166 ያርድ መንገዱን እነሱ ከፍተውለት ነው። ደጋፊው ቀሚስ ለብሶ የአሳማ አፍንጫ ፊቱ ላይ ሰክቶ ስታዲየም የሚገባበት ዘመን ነበር፣ ወንዱን ነው የምላችሁ። እና ጋሼ፣ አሳማ በደጃቸው አልፎ የማያውቅ፣ ሆትዶግ ሲገዙ "ፖርክ የለበትም አይደል?" ብለው ሁለቴ የሚያጣሩ፣ ሁዳዴን ያለ ወተት የሚጨርሱ ሰው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እኛ አሳሞቹ እያለን" ብለው ሲጀምሩ እንባ ነው የሚቀድመኝ። ከ1992 ወዲህ ሱፐር ቦውል እንዳልበላን ማስታወስ ግን ነውር ነው፣ እኔም አላስታውስም።

ሶስተኛው፣ ይቅር ባይነታቸው። የሚምሩት ራሳቸውን ነው እርግጥ፣ ግን ይቅርታ ይቅርታ ነው። በ1989 ቶኒ ማንዳሪች የሚባል ታክል ነበር፣ በላይንማን ታሪክ እንደሱ አይነት አልተፈጠረም ተብሎ የስፖርትስ ኢላስትሬትድ ሽፋን ላይ ራቁት ደረቱን ይዞ ወጣ። ግሪን ቤይ በሁለተኛ ምርጫ ወሰደው። ከሱ በፊት የተመረጠው ትሮይ ኤክማን ነው፣ ከሱ በኋላ ደሞ ባሪ ሳንደርስ፣ ዴሪክ ቶማስ፣ ዲየን ሳንደርስ፣ አራቱም ሆል ኦፍ ፌም፣ የታላላቆቹ መዝገብ ውስጥ፣ ገቡ። ማንዳሪች አልሆነም፣ ከዓመታት በኋላም ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር ራሱ ተናገረ። በ2009 ጄሰን ስሚዝ፣ በ2013 ሉክ ጆከል፣ በ2014 ግሬግ ሮቢንሰን፣ ሶስቱም ታክል፣ ሶስቱም በሁለተኛ ምርጫ የተወሰዱ፣ ሶስቱም የተባለላቸውን ሳይሆኑ ቀሩ። ሙሉ ደሞዝ የሚበሉ ስካውቶች እንዲህ ሲስቱ፣ በነፃ የሚሰራ ሰው ቢስት ማን ይጠይቀዋል? የኛ ሰው ደሞ አይስትም፣ ምክንያቱም በሚያዝያ ወር የሰባቱንም ታክል ስም "ይሄ ልጅ ነው" ብሎ ስለጠራ ህዳር ላይ አንዱ ሲሳካለት "አላልኩም?" ለማለት ሙሉ መብት አለው። ስድስቱን ያነሳበት ሰው እስካሁን አላየሁም፣ እኔም አንዴ ላነሳ ስል አጠገቤ ያለው ሰው በክርኑ ወጋኝ።

ትሬንት ዊልያምስን እንዴት ረሳሁት። ከዘመኑ ታላላቅ ሌፍት ታክሎች አንዱ ቤታችን ነበር። ጭንቅላቱ ላይ የበቀለበትን ካንሰር የክለቡ ሀኪሞች በጊዜ አላዩልኝም ብሎ አኮረፈ፣ 2019ን ሙሉ አልተጫወተም፣ በ2020 ለሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ሶስተኛ ዙርና በአንድ አምስተኛ ዙር ምርጫ ተሸጠ። ያን ጊዜ ካፌው ውስጥ "አርጅቷል፣ ጥሩ ገላገልነው" ያሉ ሰዎች አሁን "ትሬንትን የሸጡ ቀን ነው ያበቃልን" የሚሉት ናቸው፣ ድምፃቸውንም ወንበራቸውንም አልቀየሩም። በ2025 ታክሉ ላረሚ ታንሲል ከሂውስተን ሲመጣ ደሞ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ግማሹ ሀውልት ሲያሰራለት ግማሹ "ቅጣት ያበዛል" ብሎ ሸኘው።

አሁን ወደ እሁድ እንምጣ፣ ቆይተን እናያለን ያልኩት ጋ ማለት ነው።

አራት ወር ሙሉ ክንድ ሲለካ የከረመው ህዝብ እሁድ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ቲቪ ፊት ይቀመጣል። ኳሷ ከሴንተሩ እግር ስር ስትወጣ የሀያውም ሰው አይን አብሯት ይወጣል። ኳስ ኳርተርባኩ ጋ፣ አይን ኳርተርባኩ ጋ፣ ኳስ አየር ላይ፣ አይን አየር ላይ። እነዚያ አምስት ሰዎች መሬት ለመሬት ሲተናነቁ፣ ጣት ሲሰበር፣ ጋርዱ ሁለት ሰው ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የሚያየው አንድ ሰው የለም፣ እናቱ ምናልባት። በ2023 ኳርተርባካችን ሳም ሀወል 65 ጊዜ ሳክ ሲደረግ ስልሳ አምስቱንም ጊዜ ቤቱ ባንድ ድምፅ "ላይኑ ነው!" አለ። የትኛው? "ላይኑ!" ግራው ነው ቀኙ? "ላይኑ ነው ስልህ!" በ2024 አዲሱ ኳርተርባክ ጄደን ዳንኤልስ መጥቶ 12 ስናሸንፍ፣ ለኮንፈረንስ ፍፃሜ ስንደርስ፣ ስለ ላይኑ ትንፍሽ ያለ ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም፣ ልጁ ተአምር ነው ተባለ በቃ። ጃንዋሪ ላይ ዲትሮይትን ጥለን ስንጨፍር ጋርዱ ሳም ኮስሚ ጉልበቱ ተበጥሶ ወጥቶ ነበር፣ አንዱ "ማነው የወጣው?" ብሎ ሲጠይቅ "ዲፌንስ መሰለኝ" ተባለ። ይሄን ያለው ከወራት በኋላ ሚያዝያ ላይ ሜትሩን የዘረጋው ያው ልጅ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በፊላደልፊያ 55 ለ 23 ስንሸነፍ ላይኑ ተመልሶ ተገኘ።

ድራፍቱ ሐሙስ ጀምሮ ቅዳሜ ያልቃል። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ካፌው ስገባ ጋሼ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸው ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ሞክ ድራፍት (ማን ማንን ይመርጣል የሚል ግምት) ከፍተዋል፣ ያንን የሚያወጡ ሰዎችም የኛኑ ያህል እንቅልፍ የላቸውም መሰለኝ። አንዱን ልጅ በጣታቸው አሳዩኝ፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የጨረሰ ልጅ ነው።

"ይሄ ነው ሰውየው" አሉኝ።

"አይተውታል ጋሼ?"

"ስሙን ሰምቻለሁ። ጉልበቱን ግን እጠራጠራለሁ።"