«ገማቹ መጥቶ ያየው የለ?» ለምትሉ ሁሉ

ኧረ አቦ! ድሬ ላይ ቤት የሚሸጥ ሰው ሁሉ «ስለ ቤቱ መረጃ ስጠኝ» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ገማቹ መጥቶ ያየው የለ?» ገማቹ፣ ለቤቱ ዋጋ የሚያወጣው ባለሙያ ማለት ነው፣ ግድግዳ ያያል፣ ጣሪያ ያያል፣ ሜትሩን ይዘረጋል። ወረቀቱንስ ከየት ያምጣው? ገዢው በባንክ ብድር ከሆነ የሚገዛው፣ ባንኩ የሚገምተው በካርታና በግንባታ ፈቃድ የተደገፈውን ቤት ነው፤ ደላላው በስልክ ያወራለትን ቤት አይደለም።

በረንዳዋን እንውሰድ። የጸደቀው ፕላን 8 በ9 ይላል፣ 72 ካሬ። ሻጭ 2.5 ሜትር በረንዳ ዘግቶ ሳሎኑን አሰፋ፤ ቤቱ 8 በ11.5፣ 92 ካሬ ሆነ። ዋጋ የተጠራው በ92 ነው። ገማቹ ለክቶ ከፕላኑ ጋር ሲያስተያየው 20 ካሬዋ ፈቃድ የላትም፤ ከግምት ትወጣለች። ከዚያ «ይሄ ገማች እጅ መንሻ ፈልጎ ነው» ይባላል። አይ! ማሻሻያ ፈቃድ ሳይወጣ ተሠርታ ነው። ግቢውም እንደዚያው፦ ካርታው 175 ካሬ፣ አጥሩ 200። የ25ቷን ካሬ ነገር ገዢው ከገማቹ አፍ ነው የሚሰማው።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። ቤቱ 5 ሚሊዮን ተጠራ፣ ባንክ 3.5 ገመተ፣ የግምቱን 70 በመቶ አበደረ፤ 2 ሚሊዮን 450 ሺህ። ቀሪውን 2 ሚሊዮን 550 ሺህ ገዢው በጥሬው ማምጣት አለበት። ባንኩ የ5 ሚሊዮኑን 70 በመቶ ይሰጠኛል፣ 1.5 ሚሊዮን ይበቃኛል ብሎ ቀብድ የከፈለ ሰው ምን ይሁን? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው የሚነሳው፤ መነሻዋ ግን ያቺው በረንዳ ናት።

ደግሞ ቀለሙ! ከወለል እስከ ወገብ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ራሱ ያወራል እኮ። መጋላ ሰፈር ውስጥ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩት አሮጌ ቤቶች እርጥበት ከመሠረት ይስባሉ። ገማቹ በጣቱ ጫፍ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከድንጋዩ ተላቋል። ይባስ ብለው ሲሚንቶ ይለስኑበታል። ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍነዋል፣ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይሳባል፣ ውሎ አድሮ ከወገብ ያልፋል። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያላችሁ ደግሞ በ1998 ክረምት ጎርፉ ቤታችሁ ገብቶ እንደሆነ ሲጠየቅ «እኛ ሰፈር አልደረሰም» አትበሉ። ጎረቤት ያስታውሳል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ጎረቤት ነው። «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩት» የሚል ሐረግ ውሉ ላይ ማስገባትም ጉድለቱን እያወቀ ለደበቀ ሻጭ መከላከያ አይሆንም።

ወረቀቱ ያን ያህል ብዙ አይደለም፦ ካርታ፣ የጸደቀ ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የዘመኑ ግብር ደረሰኝ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ውርስ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ባለትዳር ደግሞ ካርታው በእኔ ስም ነው ብሎ ብቻውን አይሽጥ። እዚህ ከተማ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ሚስት ጅቡቲ ናት? እንግዲያው ውክልናዋ ገዢ ከመፈለጉ በፊት ይምጣ።

የማይታዩትንም ንገሩ፦ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንደተቆፈረ (ሰርቪስ ቤቱ ሥር ሆኖ ሲገኝ የገማቹን ፊት ማየት ነው)፣ የመብራት ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ መሆኑን፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ።

የቀጠሮው ቀን ደግሞ ክፍሎቹን ክፈቱ! ገማች ያላየውን ክፍል አይገምትም። ስንቱ ቀጠሮ ነው ሰርቪሷ ተቆልፋ፣ ተከራዩ ቁልፉን ይዞ ጅጅጋ ሄዶ ለሌላ ሳምንት የሚተላለፈው።