ካንዴላዋ በየት በኩል ነው የሚፈታው?

ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪና ስሠራ ከረምኩ፤ እጄን ግን አንዲት ጠብታ ዘይት አልነካችውም። የሠራሁት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ በኮምፒውተር ነው። ያውም እንዲያው መኪና አይደለችም። ጣሊያኖቹ «ግራን ቱሪዝሞ» ብለው ስም ካወጡላቸው፣ ትልቅ ጉዞ ለሚጓዝ ሰው ከሚሠሩት ዘር ናት። ሁለት ሰው ከነሻንጣው አመሻሽ ላይ ከፓሪስ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የሚደርስባት፣ ሲወርድም ከረባቱ ያልተጣመመበት መኪና። ይህችን የነደፍኩት እኔ ደግሞ ረጅሙ ጉዞዬ ከአልጋዬ እስከ ወንበሬ ያለው ነው።

ጨዋታው አውቶሜሽን ይባላል። እንደ ሌሎቹ የመኪና ጨዋታዎች ቤንዚን እያስረገጠ አያስጋልብም፤ ቁጭ አድርጎ ይመረምራል። መጀመሪያ ዓመት ያስመርጣል፤ ከ1946 ይጀምራል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቀጥሎ ሲሊንደሩ ምን ያህል ይስፋ፣ ፒስተኑ ምን ያህል ይመላለስ፣ ቫልቩ በምን ይከፈት፣ ካርቡራተሩ ስንት ይሁን ይላል። የማላውቀውን ሁሉ ጠየቀኝ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ሁሉንም መለስኩ።

1962ን የመረጥኩት በቂም ነው። በ1961 ጃጓር ኢ-ታይፕ የተባለች መኪናውን ጄኔቫ ላይ ሲያሳይ ሊሞክራት የሚፈልገው ሰው በዝቶ፣ የፋብሪካው ሞካሪ ኖርማን ዴዊስ ሁለተኛ መኪና ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ሰውየው ከእንግሊዝ ከኮቨንትሪ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ጄኔቫ ደረሰ። የዚህ ዓይነት መኪና ሥራው ይኸው ነው። እኔም ለጃጓር መልስ ልሰጥ ተነሣሁ። ጃጓር አልጠየቀኝም። ዴዊስ አውሮፓን ባቋረጠበት ያህል ሰዓት እኔ የበር እጀታ በሁለት ጣት ወደ ኋላ ይሂድ ወይስ ባለበት ይሁን እያልኩ ነጋብኝ።

ሞተሯ ባለ 12 ሲሊንደር ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። የፌራሪ 250 ስም የመጣው ከአንዱ ሲሊንደር መጠን ነው፤ 250 ሲሲ በ12 ሲባዛ 3 ሊትር ግድም ይሆናል። ለፌራሪ የበቃው ለእኔ አልበቃኝም፤ 5 ሊትር አደረግኩት። ከዚያ ጉልበት እንዲጨምር የአየርና ነዳጁን መታመቅ ከፍ አደረግኩ። ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድብልቁ ከልክ በላይ ሲታመቅ ካንዴላው የለኮሰው እሳት እስኪደርሰው አይጠብቅም፣ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፣ ፒስተኑንም ያለ ሰዓቱ ይመታዋል። ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ዕድል ሳይሰጣቸው እንደሚናገሩ ሰዎች ማለት ነው። መፍትሔው መታመቁን መቀነስ ነበር። እኔ የተሻለ ቤንዚን መረጥኩ።

የጨዋታው ክፉ ነገር «ጥራት» የምትባል፣ በመዳፊት የምትጎተት መንሸራተቻ ናት። ከዜሮ በታች 15 እስከ ከዜሮ በላይ 15 ትሄዳለች፤ ለሞተሩም ለብቻ፣ ለፍሬኑም ለብቻ፣ ለወንበሩም ለብቻ። እስቲ ማን ነው በራሱ ገንዘብ በማይከፍልበት ቦታ ጥራትን የሚቀንስ? ሁሉንም ወደ ቀኝ ጎተትኳቸው። ጨዋታውም ምንም ሳይከራከረኝ ሒሳቡን ሠርቶ፣ በ1962 የተጀመረችው መኪና ተሠርታ የምታልቀው ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑን አስታወቀኝ። በዚያን ጊዜ ደንበኛዬ ጡረታ ወጥቷል። ትራክተር ይሠራ የነበረው ፌሩቾ ላምቦርጊኒ እንኳ በ1963 የመኪና ፋብሪካ አቋቁሞ በ1964 «350 ጂቲ» የምትባለውን መኪና ለገበያ አውጥቷል፤ በእውነተኛ ብረት፣ በእውነተኛ ሠራተኛ። እኔ በመዳፊት አቅቶኛል።

የገበያው ሪፖርት ደግሞ ሌላ ውርደት ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ገዢ ምቾት ይፈልጋል ይላል። ለመንዳት እንዳታስቸግረው ይፈልጋል ይላል። ክብር አይጠላም፣ ግን ወገቡንም ይወዳል። የእኔዋ በክብር አንደኛ፣ በምቾት ከጭነት መኪና ትንሽ ከፍ ያለች ሆና ተገኘች። ያን ጊዜ ያልኩትን ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሲሉ ሰምቻለሁ፦ «ገበያው ገና አልገባውም።» እንግዲህ በ1951 የወጣችው ላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 በ2 ሊትር ሞተር ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 75 ፈረስ ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን በሚሌ ሚሊያ ውድድር 4.1 ሊትር ሞተር ከተሸከመው ፌራሪ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ማወቅ ሌላ፣ መንሸራተቻውን ወደ ግራ መመለስ ሌላ።

ስለዚህ ሞተሩን ትቼ ወደ መልኳ ገባሁ። ለባሌስትራና ለሞላው የሰጠሁት ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለዓይኖቿ ሦስት ቀን ሰጠሁ። በስልክ ለአንድ ወዳጄ «ወገቧ ያምራል፣ ከኋላዋ ግን ትንሽ ከበደችብኝ፤ አፍንጫዋን ላስረዝምላት ነው» እያልኩ ሳወራ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋት። የተናደደችው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መሃል ጋሼ መጡ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አርባ ዓመት በመካኒክነት ሲሠሩ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በጀርባቸው ተኝተው ስለ ጨረሱ፣ «መኪና ከላይ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ጡረታ ስወጣ ነው» ይላሉ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ዐዩ።

«ይቺን ማን ነው የሠራት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋናውን ለመቀበል አንገቴን ትንሽ ሰበር አድርጌ።

ጋሼ መኪናዋን ትተው እኔን ተመለከቱኝ። ረጅም አተያይ ነበር።

«አርባ ዓመት ስፈልግህ ነበር» አሉ።

ለካ መካኒክ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ሰው አለ። አንዲት ብሎን ለመፍታት ራዲያተር በወረደ ቁጥር፣ እጅ የማይገባበት ቦታ ላይ ማጥበቂያ በተገኘ ቁጥር፣ የሞቀ ዘይት እጅጌ ውስጥ በፈሰሰ ቁጥር ይህ ሰው ይነሣል። ስሙ ስለማይታወቅ «የሠራት ሰውዬ» ይባላል፤ የሚረገመውም በጅምላ ነው። ሩቅ አገር፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የተቀመጠ ይመስላቸው ነበር። ሰውየው የገዛ እህታቸው ልጅ ሆኖ በፒጃማ ተገኘ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በል ካንዴላዋ በየት በኩል ነው የሚፈታው?»

ጨዋታው እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አሳየኋቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጨዋታውን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ለጋሼ ስተረጉምላቸው የወጣው ቋንቋ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ ነበር። ጋራዣችን አፉን የፈታው በጣሊያንኛ ነውና መኪናዬ ሳላስበው የፌራሪ አገር ማራኔሎ የተወለደች መሰለች። ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም።

«አሥራ ሁለት ናቸው» አሉ ጋሼ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ስድስቱ በዚህ፣ ስድስቱ በዚያ። እጅ በየት ይገባል?»

«ፌራሪም እኮ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን በሁለቱ ረድፎች መሃል፣ በሸለቆው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጣቸው» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«በኋላ ወደ ውጭ አወጣቸው።»

«አየህ!» አሉ። «እዚያም አንድ መካኒክ አልቅሷል።»

አሥራ ሁለቱን ትተን ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ እንድናሰልፍ አዘዙኝ። ሐሳቡን ለመቀበል የከበደኝ መሆኑን አልሸሽግም፤ ግን የ1958ቱ አስተን ማርቲን ዲቢ4ም ስድስት በአንድ ረድፍ ነበር፣ ጃጓርም እንዲሁ። እንዲያውም ዕውቀቴን ለማሳየት፣ የ1957ቱ ማሴራቲ 3500 ጂቲ ስድስቱን በአንድ ረድፍ አሰልፎ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ እንደ ሰጠ ነገርኳቸው። ጋሼ ጥቂት አሰቡ።

«ታዲያ ያው አሥራ ሁለት አይደለም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ወሬ ለማስቀየር ወደ መርሴዲስ 300 ኤስኤል ዞርኩ። በ1954 ኒውዮርክ ላይ ስትታይ በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱ ነበሩ። ለጌጥ አልነበረም፤ አካሏን የተሸከመው የቱቦ መዋቅር በጎንና በጎኗ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ለተለመደው በር ቦታ ጠፋ፣ ስለዚህ በሩን ወደ ጣሪያው ሰቀሉት። ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያደንቃት በዚያ በር ነው። ችግርን ወደ ውበት መለወጥ ማለት ይህ ነው አልኳቸው። የራሴንም ጥፋት በዚሁ አጋጣሚ ላሳልፍ ነበር።

«ብትገለበጥ ሰውየው በየት ይወጣል?» አሉ ጋሼ።

ሰውዬው ለካ ውበት የሚባል ነገር ወደ ጆሮአቸው አይገባም። ቀጠሉ። የኋላው ወንበር ለማን ነው? በእርግጥ እዚያ የሚቀመጥ ሰው እግሩን ቤቱ ትቶ መምጣት ነበረበት፤ ለሻንጣ ነው አልኩ። የሻንጣው ቦታስ? በነዳጅ ታንከሩና በትርፍ ጎማው ተይዟል። ታንከሩ ለምን ይህን ያህል ተለቀ? ሞተሩ 5 ሊትር ስለሆነ ነዋ። ሞተሩ ለምን 5 ሊትር ሆነ? እዚህ ላይ ዝም አልኩ። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። አንዳንዶቹን እኔ ሳልወለድ ነው የጠየቋቸው።

በመጨረሻ ስድስቱን ሲሊንደሮች አሰለፍን። 5 ሊትሩን ወደ 3.5 ዝቅ አደረግን። የጥራት መንሸራተቻዎቹንም ግማሽ መንገድ መለስኳቸው፤ ሥራዋ ከስምንት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ። ሻንጣም ገባ። ሪፖርቱ ሲመጣ የገዢዎቹ ፍላጎት ካየሁት ሁሉ ከፍ ብሎ ነበር። ጋሼ ቁጥሩን አልተመለከቱትም፤ ካንዴላዎቹ በአንድ በኩል ተደርድረው ስላዩ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ደብቄያቸዋለሁ፤ ባሌስትራውንና ሞላውን ያኔ በአምስት ደቂቃ እንደ ሠራኋቸው አልነካኋቸውም።

ይህ ጨዋታ የተሠራችውን መኪና ቢምንጂ ድራይቭ ወደሚባል ሌላ ጨዋታ ልኮ መንዳት ያስችላል። እዚያ ብረት እንደ ብረት ይጣመማል፣ መኪናም እንደ መኪና ይገለበጣል። ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ ተነሣሁ። የመጀመሪያዋን ኩርባ በክብር ወሰድኳት። በሁለተኛዋ መሪውን ስጠመዝዝ አፍንጫዋ «ቀጥታ ይሻለኛል» አለ፤ ጭራዋ ደግሞ ዘግይቶ ሐሳቡን ቀየረ። ቦይ ውስጥ ገብታ ሦስት ጊዜ ተንከባለለች። አቧራው ሲወርድ ሦስት ቀን የሠራሁላቸው ዓይኖቿ የሉም፤ አራቱ ጎማዎቿ ወደ ሰማይ ይሽከረከራሉ።

ለማጽናናት አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ወደ ጋሼ ዞርኩ። እርሳቸው ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ እያስጠጉ፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር።

«አሁን ገና በደንብ ታየችኝ» አሉ። «እስቲ ወደዚህ ጠጋ አድርጋት። ይቺን ማርሚታ በዚህ በኩል ያሳለፋት ማን ነው?»