ያልሠራነውን ገንዘብ ለሚቆጥሩልን ለክቡር የገቢ ወለል

ለ፦ ክቡር ሚኒመም ኢንካም ፍሎር
ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ላነሰ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ)፣ ታላቋ ብሪታንያ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ ያላገኘነውን ገቢ ስላገኙልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን ስለሚጥሉብን እምነት እናመሰግናለን። ለማያውቅዎ ሰው፣ እርስዎ ማለት ለራሱ የሚሠራ ሰው በወር ቢያንስ ይህን ያህል አግኝቷል ተብሎ ድጎማው የሚሰላበት የገቢ ግምት ነዎት። አንድ ሰልፍ ኢምፕሎይድ (ለራሱ የሚሠራ) ሹፌር ወይም የጽዳት ሠራተኛ ወሩን ሙሉ ሲሮጥ ከርሞ 700 ፓውንድ ብቻ ቢተርፈው፣ እርስዎ ከ1,600 በላይ እንዳገኘ ይመሰክሩለታል። የወለደችው እናቱ እንኳ በሥራው ይህን ያህል አትተማመንም። ቅር የሚለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስክርነትዎ በወሩ መጨረሻ ከድጎማው ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይመጣል።

እርስዎ ራስዎን ማስተዋወቅ አይወዱም። ብዙ ሰው የሚያውቅዎ ክፍያው ጎድሎ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ስሌትዎን እኛው እንናገርልዎ። ለምሳሌ ከአፕሪል 2025 እስከ ማርች 2026 ዕድሜው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ነበር። ይህንን በሳምንት 35 ሰዓት፣ ከዚያም በ52 ሳምንት ያባዙና ለ12 ወር ያካፍሉታል፤ 1,851 ፓውንድ ከ85 ፔንስ ይወጣል። ከዚህ ላይ ግምታዊ ታክስና ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ቀንሰው ወደ 1,640 ገደማ ያወርዱታል። ፍትሐዊነትዎ እዚህ ላይ ነው የሚያስደንቀው፦ ላልገባ ገንዘብ ያልተከፈለውን ታክስ እንኳ አይረሱም። በየዓመቱ አፕሪል ላይ የሰዓት ደመወዙ ሲጨምር እርስዎም አብረው ያድጋሉ፤ ደንበኛችን ግን እዚያው ዋጋ ላይ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ወተቷን አላየም፤ ቢያንስ ግን ጠጥተሃል ተብሎ አልተቆጠረበትም።

ሒሳቡ በቁጥር ይታይ። ከ25 ዓመት በላይ የሆነ፣ ልጅ የሌለው፣ ለብቻው የሚኖር ሰው በ2025 የዩኒቨርሳል ክሬዲት መነሻው 400 ፓውንድ ከ14 ፔንስ ነበር። የቤት ኪራይ እርዳታው 1,000 ነው እንበል፤ ድምሩ 1,400 ይሆናል። ከእያንዳንዱ የገቢ ፓውንድ 55 ፔንስ ይቀነሳል። በእውነተኛው 700 ቢታሰብለት 385 ተቀንሶ 1,015 ይደርሰው ነበር። በእርስዎ 1,640 ሲታሰብ ግን 900 ገደማ ይቀነስና 500 የማይሞላ ይደርሰዋል። ከ500 ፓውንድ በላይ የሆነው ልዩነት ከእርስዎ ጋር ያለን ትውውቅ ዋጋ መሆኑ ነው።

ይህም ይሁን። ያልገባን ግን ወለል እንጂ ጣሪያ የሌለዎት መሆኑ ነው። ያው ሰው በሰኔ 2,600፣ በሐምሌ 700 ቢያገኝ የሁለቱ ወር ድምር 3,300 ነው። ደመወዝተኛው ጎረቤቱም በየወሩ 1,650 ቢያገኝ ድምሩ ያው 3,300 ነው። ኪራያቸውና የቤተሰባቸው ሁኔታ አንድ ከሆነ ደመወዝተኛው በሁለቱ ወር ወደ 985 ፓውንድ ድጎማ ያገኛል። የእኛው ሰው በሰኔ «ብዙ አገኘህ» ተብሎ ዜሮ፣ በሐምሌ «ብዙ ማግኘት ነበረብህ» ተብሎ 500 የማትሞላ፤ ግማሹን ማለት ነው። በዚያ ላይ የዜሮው ወር ክሌይሙን (የድጎማ ማመልከቻውን) ሊዘጋው ስለሚችል እንደገና ማመልከት ይኖርበታል፤ በ6 ወር ውስጥ ከሆነ የቀድሞውን መረጃ ስለሚይዙት ይቀላል። ጥሩ ወራችንን እንዳለ ያምኑናል፤ መጥፎ ወራችንን ግን ጨርሶ አያምኑንም።

ሁሉንም ደጃፍ እንደማይረግጡ ደግሞ ለእውነት ሲባል እንመስክር። ዋና ሥራው ይኸው ለራሱ የሚሠራው መሆኑ በጆብ ሴንተሩ (የመንግሥት የሥራና የድጎማ ቢሮ) ቃለ መጠይቅ ከታመነለት፣ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ለ12 ወር አይነኩትም። ወደዚያ ቃለ መጠይቅ ባዶ እጅ መሄድ ግን አይሆንም፦ የዩ ቲ አር (የታክስ መለያ) ቁጥር፣ ኢንቮይስና ደረሰኝ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ የንግድ ዕቅድ ካለም እሱ ይያዛል። ሥራው «ዋና ሥራ አይደለም» ከተባለ እርስዎ ወዲያው ይሰናበታሉ፤ በምትክዎ ግን ሥራ የመፈለግ ግዴታ ይገባል። በጣም ትንሽ ለሚያገኝ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይኼኛው ይሻላል፤ ነገር ግን ውሳኔው በማስረጃ እንጂ በምርጫችን አይሆንም።

ዕድሜው 3 ዓመት ያልሞላ ልጅ ዋና ተንከባካቢ የሆነ ወላጅ፣ በጠና የታመመ ሰው በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚንከባከብ፣ በጤና ምክንያት የመሥራት ዐቅሙ ውሱን ነው የተባለ፤ እነዚህ ጋ እርስዎ አይገቡም። ልጁ ከ3 እስከ 12 ዓመት ከሆነ ደግሞ ከዋና ተንከባካቢው የሚጠበቀው ሰዓት ቢበዛ 30 ነው፤ ወለሉም አብሮ ይወርዳል። ይህ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሳት ነገር ነው። እርስዎ የሚሰሉት ክሌይማንት ኮሚትመንት በሚሉት ውል ላይ በተጻፈው ሰዓት ስለሆነ፣ ውሉ ላይ 35 ተብሎ ከቀረ 35 ነው። ጤና ወይም እንክብካቤ ሰዓቱን የሚያሳጥር ከሆነ በጆርናሉ (በዩኒቨርሳል ክሬዲት የኦንላይን መልእክት መጻፊያ) ጽፎ እንዲስተካከል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንም። ከራሱ ሥራ ሌላ ደመወዝ ያለው ሰውም ከእርስዎ ጋር የሚነጻጸረው ሁለቱ ተደምረው ነው።

አሁን ወደ ወርሃዊው ሪፖርት፤ እርስዎ የሚደሰቱበት ቦታ። አሰስመንት ፔሪየድ የሚሉት፣ ድጎማው የሚሰላበት ወር የቀን መቁጠሪያው ወር አይደለም፤ ከ17 እስከ 16 ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረውም በዚያ ወር በእጅ የገባና የወጣ ገንዘብ ነው። የተላከ ግን ያልተከፈለ ኢንቮይስ ገቢ አይባልም፤ ደንበኛው በ16 ፋንታ በ17 ቢከፍል ገንዘቡ ለሚቀጥለው ወር ይዞራል። ሪፖርቱ ካልገባ ክፍያው ይቆማል።

ከዚህ የተነሣ ወጪ የሚወጣበት ቀን ራሱ ገንዘብ ነው። የዓመቱን ኢንሹራንስ 1,200 ፓውንድ በአንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ትርፉ በዚያ ወር ወደ ታች ይወርዳል፤ እርስዎ ግን ወደ 1,640 መልሰው ያነሱታል፤ ወጪው ከድጎማው አንጻር ቀለጠ ማለት ነው። የዘንድሮ ኪሳራ ለወደፊት ትርፍ ማቀናነሻ ሆኖ ቢተላለፍም እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ወለሉን አያወርድም። ስለዚህ በየወሩ መክፈል የሚቻለውን በየወሩ፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈለውን ደግሞ ገቢው ከወለሉ በላይ በሆነበት ወር ማድረግ ያዋጣል። ለኤች ኤም አር ሲ (ለታክስ መሥሪያ ቤቱ) የሚከፈለው ታክስም ሆነ ለተመዘገበ ጡረታ የሚገባው መዋጮ በተከፈለበት ወር ይቀነሳል፤ የጃንዋሪ 31ዱ ታክስ በቀዘቀዘ ወር ላይ ከወደቀ ግን ያው ዕጣ ይገጥመዋል።

የሚኒካብ ሹፌር ነገር ደግሞ ለብቻው ይለቀስለት። ለመኪና የሚፈቀደው ቅናሽ በማይል ነው፦ በወር ለመጀመሪያው 833 ማይል 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 25 ፔንስ። በወር 2,500 ማይል የነዳ ሰው 791 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ይቀነስለታል። የፒ ሲ ኦ (የሚኒካብ ፈቃድ ያለው) መኪና ኪራዩ፣ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ ተደምሮ ከዚህ ቢበልጥ የብልጫው ደረሰኝ ቤት ማስጌጫ ይሆናል። በሞተር ብስክሌት ምግብ የሚያደርስ ግን በማይል 24 ፔንስ ወይም ትክክለኛ ወጪውን መርጦ መያዝ ይችላል። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ በወር ከ25 እስከ 50 ሰዓት 10 ፓውንድ፣ እስከ 100 ሰዓት 18፣ ከዚያ በላይ 26 ይፈቀድለታል። ኤች ኤም አር ሲ የሚሰጠው የ1,000 ፓውንድ ትሬዲንግ አላወንስ (ታክስ የማይከፈልበት የንግድ ገቢ) እዚህ አይሠራም። እንግዲህ ሁለት መዝገብ መያዝ ግድ ነው፦ አንድ ለዓመቱ፣ አንድ ለወሩ፤ በሁለቱ ያለው ትርፍ ባይመሳሰል ማንም ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ለታክስ የተቀመጠ ገንዘብም ከግል ቁጠባ ጋር በአንድ አካውንት ከተቀላቀለ ጣጣ ያመጣል። ቁጠባ ከ6,000 ፓውንድ ሲያልፍ መቀነስ ይጀምራል፣ ከ16,000 ሲያልፍ ድጎማው ይቀራል፤ የንግድ ንብረት ግን አይቆጠርም። ለሥራው የተለየ አካውንት መክፈት የቱ የማን እንደሆነ ለማሳየት ይበቃል።

ክቡርነትዎ አንድ ጊዜ ዕረፍት ወጥተው እንደነበር እናስታውሳለን። በ2020 ጸደይ በወረርሽኙ ምክንያት ታገዱ፤ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ተመለሱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እርስዎ ባለመኖርዎ የጠፋ መንግሥት የለም፤ ቢያስቡበት ሌላ ዕረፍት እንመክራለን።

እስከዚያው ስሌትዎ የተሳሳተ ሲመስለን ዝርዝሩን በጆርናል እንጠይቃለን፤ ውሳኔው በተሰጠ በ1 ወር ውስጥ ማንዳተሪ ሪኮንሲደሬሽን (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚቀርብ ጥያቄ) እናስገባለን፤ እሱም ካልሆነ ትራይቡናል (የይግባኝ ችሎት) እንገናኛለን።

ከሠላምታ ጋር፣
700 አግኝተው 1,640 ያገኙት ሰዎች

ግልባጭ፦
ለዎርክ ኮቻችን (በጆብ ሴንተሩ ጉዳያችንን ለሚከታተለው)፣ በጆርናል
ለኤች ኤም አር ሲ፣ ትክክለኛው ገቢያችን እዚያ ስላለ