ዕቅድ አይከሰከስም

ናሳን በጨረቃና በሮኬት ብቻ የምታውቁት ሰዎች ታሳዝኑኛላችሁ። በመሥሪያ ቤቱ ስም ውስጥ እኮ ኤሮኖቲክስ፣ የአውሮፕላኑ ጉዳይ ማለት ነው፣ ከሕዋ ይቀድማል። በጀቱ ላይ ሲደርስ ግን ከመቶ ዶላር አራት እንኳ አይሞላለትም። ታዲያ በዚህችው የሚያወጣው ዕቅድ! እኔ ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ የምወደው ዕቅዶቹን ነው። አውሮፕላን ይከሰከሳል፤ ዕቅድ ግን ቢበዛ ይከለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ ኤርፖርት ተነስቶ በሁለት ሰዓት ቶኪዮ ስለሚገባ አውሮፕላን ተናገሩ፤ ለ1990ዎቹ መጨረሻ ይደርሳል ተብሎ። ኤክስ-30 ተባለ። ሳይወለድ ክርስትና ተነሳ፣ በ1993 ተሰረዘ። ደግነቱ ሌላ ዕቅድ አጠገቡ ተጥዶ ነበር፦ 300 መንገደኛ ጭኖ በድምፅ ፍጥነት 2.4 እጥፍ የሚከንፍ። እሱም በ1999 ከምድጃው ወረደ።

ባለፈው እዚያው ደለስ አክስቴን ልቀበል ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ሲበሩ አድረው እግራቸው አብጧል፣ ጫማው እምቢ ብሏቸዋል። «አይዞዎት እትዬ፣ ከዚህ ቶኪዮ ቢሆን ኖሮ እኮ ሁለት ሰዓት ነው» አልኳቸው። «በምን?» አሉኝ። «በዕቅድ።»

ከሁሉ የማደንቀው ናሳ በ2015 ያወጣውን የኤሮኖቲክስ ዕቅድ ነው። ስድስት የትኩረት አቅጣጫ፣ ሦስት ዘመን፦ እስከ 2025፣ ከ2025 እስከ 2035፣ ከ2035 በኋላ። ይህቺን ሦስተኛዋን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ! ማለቂያ የላትም፤ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ያቀደው ሰውዬ ጡረታ ወጥቶ ጽጌረዳ እያጠጣ ነው።

ደግሞ ኤክስ-57 የሚሉት አለ። ከጣሊያን የመጣች ትንሽ አውሮፕላን ላይ 14 የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገጥሙ ተነሱ። በ2023 አንድ ቀን እንኳ ሳትበር ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ዋናው ዓላማ ለአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ዕውቀት ማካፈል ነበር ተባለ፤ ሙሽራዋ ብትቀርም ሠርጉ ለጎረቤት ትምህርት ሰጥቷል እንደ ማለት። «ላም አለኝ በሰማይ» ያለው ሰው እኮ፣ ወተቷን ባያይም፣ ቢያንስ ላሚቱን ሰማይ አድርሷታል።

ያሳፈረን አንድ ኤክስ-59 የሚሉት አውሮፕላን ነው። በ2021 ይበራል ተብሎ ነበር፤ ደንቡን ጠብቆ ቢዘገይም በኦክቶበር 2025 ካሊፎርኒያ ላይ ብድግ ብሎ በረረ። ምን አስቸኮለው? ከድምፅ ቀድሞ እየበረረ፣ እንዲህ የሚከንፍ አውሮፕላን የሚያሰማውን ያንን የሚያስደነግጥ ፍንዳታ እንዳያሰማ ነው አሉ የተሠራው።

ይህን መኪና ውስጥ ስነግራቸው እትዬ ነቃ አሉ።

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«አንድ፤ አብራሪውን። እሱም የፊት መስኮት የለውም፣ በካሜራ ነው የሚያየው።»

ዝም ብለው አዩኝና፣ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሻንጣው ውስጥ በርበሬ አለ» አሉኝ።