ሐምሌና ጅቡቲ፦ የጎንደሬ ስሌት

ጅቡቲ መቼ ቢሄዱ ይሻላል ሲባል፣ ሌላው ሰው የጅቡቲን አየር ይጠይቃል። የጎንደር ሰው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ራሱን አያደክምም። ቀና ብሎ የራሱን ሰማይ ያያል፤ ደመናው ከከበደ፣ የአራዳ ጭቃ ጫማ መንቀል ከጀመረ፣ ልጆቹም ካርድ ከተቀበሉ፣ የባሕር ወቅት ደረሰ ማለት ነው። ሐምሌ ነዋ!

ምርጫው ይመስገን። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የከረመ ገላ በአንድ ቀን ባሕሩ አፍ ላይ ሲወርድ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሌሊቱም 30 አካባቢ ያድራል። በዚያ ላይ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋውን እየዘገነ ፊት ላይ ይበትናል። የአገሬው ሰው፣ አቅም ያለው፣ ይሄኔ ወደ አርታ ከፍታ ይሸሻል። ደግ አደረገ፤ ከተማውን ለእኛ ለቀቀልን። ባሕር ለሚገባም ውሃው ራሱ ለብ ያለ ነውና ብርድ ይመታኛል ብሎ መስጋት የለም።

ጠንቃቃው ደግሞ “መስከረም ይጥባ” ይላል፤ እዚህ አደይ ከፈነዳ እዚያም የሚፈነዳ ይመስለዋል። በመስከረም ጅቡቲ ነፋሱ ይረግብና እርጥበቱ ይነሣል። አየሩ ውሃ ስለጠገበ ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ገላ አይበርድም። ሻወር ወስዶ ሳይደርቁ ማላብ ይሉሃል ይህ ነው።

ስንቁማ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ለዘመድ የተያዘው 3 ኪሎ ለጋ ቅቤ በፌስታል ተቋጥሮ ከበርበሬው ጋር ካርቶን ውስጥ ይገባል። በዚያ ሙቀት ቅቤ ዘይት ነው። መጀመሪያ በቋጠሮው በኩል ያዣል፣ ቀጥሎ በርበሬውን ያርሳል፣ በመጨረሻ የካርቶኑን ታች ያለሰልስና ሲያነሡት ዕቃው መሬት ይቀራል። አንጥሮ፣ አቀዝቅዞ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ማሸግ እያለ! ግን እሱ ሙያ አይደለም፣ ፈሪነት ነው።

ከሁሉ የረቀቀው የነሐሴው ጉዞ ነው። የጅቡቲ ዝነኛ ምግብ የየመን ዓሣ ነው፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ በምድጃ ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ነሐሴ 1 የገባው እንግዳችን እስከ 15 ድረስ ሽታውን እየማገ “ዓሣ በፍልሰታ ይበላል አይበላም” የሚለውን ክርክር ይመራል። ክርክሩ ሳያልቅ ቲኬቱ ያልቃል።

ነገር ማወሳሰብ የሚወዱ ሰዎች ሌላ ወቅት ያወራሉ። ጅቡቲ የምትበርደው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው ይላሉ፤ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ፣ ሰው የማይነካ ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን አሳል ሐይቅም ያኔ ቆሞ ማየት ይቻላል። የጨው ቅርፊቱ እግር ስለሚቆርጥ ሽፍን ጫማ፣ ጨው ለማጠቢያ 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ነጸብራቁን ለመከላከል መነጽር ይያዝ፤ በጠዋት ይነሣ ይላሉ። በሐምሌ የሄደው የእኛ ሰው ግን ሐይቁን ከመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል፤ ከዚህ በላይ ጊዜ ቆጣቢ ማን አለ?

እነዚሁ ሰዎች ጾሙንም ቆጥረዋል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ይይዛል፤ ጥምቀትን ጥሎ ከጎንደር የሚወጣ የለም። ሚካኤል በ12 ከገባ በኋላ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባምና፣ የነነዌ 3 ቀን ጣልቃ ቢገባ እንኳ፣ ከ2 ሳምንት በላይ ይተርፋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚገባ እሱን ማየት ብቻ ነው፤ ምግብ ቤቱ ቀን ይዘጋል።

ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን ጥር ሰርግ አለ። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የዕቁብ ሰብሳቢው ልጅ፤ ድንኳን ጥሎ ዓሣ ፍለጋ የሚሄድ ምን ይባላል? ሙሽሮቹም ቢሆኑ ጫጉላቸውን ጅቡቲ ለማሳለፍ ቆርጠዋል፤ ለሐምሌ።