ዲሲን በሁለቱ ገናዎች መካከል

በፈረንጆች ገናና በእኛ ገና መካከል ያሉት 13 ቀናት በዋሽንግተን ዲሲ ከቀረው ዓመት የተለዩ ናቸው። ኮንግረስ ለዕረፍት ይበተናል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ፈቃድ ይወጣል፣ ጠዋትና ማታ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የሚጎርፈው መኪናም ይሳሳል። በዚሁ ሰሞን በአካባቢው በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት እንግዳ ይበዛል። የልጅ ልጆቿን ለማየት ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ትኖራለች፤ የልጆቹን ትምህርት ቤት መዘጋት ጠብቆ ከአትላንታ ወይም ከዳላስ ብቅ ያለ ወንድምም ይኖራል። እንግዳውን የምናስተናግድበት መንገድ ግን ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ አስገብተን ዋይት ሐውስን ከአጥር ውጭ እናሳያለን፣ ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ፎቶ እናነሳለን፣ የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን በመስኮት እናመለክታለን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ገበያ ማዕከል እንነዳለን። ይህ ጥድፊያ ለዚህ ከተማ ጨርሶ አይስማማም።

ምክንያቴ ከኪስ ይጀምራል። ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ ሄዶ ለሙዚየም የከፈለ ሰው፣ ያወጣውን ገንዘብ ለማካካስ ሲል እግሩ እስኪዝል ከአዳራሽ አዳራሽ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ዲሲ ውስጥ ግን ስሚዝሶኒያን የተባለው የአገሪቱ ተቋም ሙዚየሞችም ሆኑ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የመግቢያ ዋጋ አያስከፍሉም። አንድ ክፍል ብቻ አይቶ ሻይ ለመጠጣት የወጣ ሰው የከሰረው ነገር የለም፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመለሳል። በናሽናል ጋለሪ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላት የጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ምስል ትገኛለች፤ በሁለቱ አሜሪካዎች ለሕዝብ እይታ የቀረበች ብቸኛዋ የሊዮናርዶ የቀለም ሥዕል ናት። ከወጣቷ ራስ ኋላ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ይታያል፤ ዞር ብሎ ከጀርባዋ የቆመ ሰው ደግሞ በዚያም በኩል የጥድ ቅርንጫፍ ተስሎ ያገኛል። በሩጫ የሚያልፍ ጎብኚ ሥዕሏ ጀርባ እንዳላት እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

ነጻ መግቢያው በፌዴራል በጀት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን መርሳት አይገባም። በፈረንጆች 2018 መጨረሻ የመንግሥት ሥራ በበጀት ውዝግብ በተቋረጠ ጊዜ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ከጃንዋሪ 2 ቀን 2019 ጀምሮ ለሳምንታት ተዘግተው ነበር። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ክፍት መሆናቸውን ማረጋገጥ ደግ ነው፤ በዲሴምበር 25 (ታኅሣሥ 16) እንደሆነ ሁሉም ዝግ ናቸው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ አስቸጋሪው የቀኑ ማጠር ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በመሆኑም የእግር መንገዱን ለቀትር መተው ይበጃል። በ1910 የወጣው የሕንፃ ከፍታ ሕግ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ እንዳይሠራ ስለከለከለ፣ በብርዱ ወራት ዝቅ ብላ የምትሄደው ፀሐይ በብዙ ሰፋፊ ጎዳናዎች እስከ እግረኛው መንገድ ትደርሳለች። ሲመሽ ደግሞ አሜሪካን አርት ሙዚየምና የቁም ሥዕሎች ጋለሪ በጋራ የሚገኙበት አሮጌ ሕንፃ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። በ2007 በመስታወት ጣሪያ የተሸፈነው ግቢው ሞቃት ነው፤ ወንበር አለ፣ ቡና ይሸጣል፣ ምን ፈልገህ ተቀመጥህ የሚል የለም። ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ በ1865 የበዓሉ ጭፈራ የተደረገው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነበር።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በበዓላቱ ሳምንት በሰው ይጨናነቃል፤ እሱን ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ለሚመጡት የሥራ ቀናት ማቆየት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን አረጋውያን እንግዶቻችን ናቸው። ልጅ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ የበዓል ቀን ክፍያው ከፍ ስለሚል ብዙ ጊዜ ዲሴምበር 25ንም ይገባል፤ እናት አምስተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን እያየች ትውላለች፣ አገር ቤት ስትመለስም አሜሪካን ከእስር ቤት ለይታ አታወራም። በካፒቶል አጠገብ ያለው የአሜሪካ እፅዋት ማዕከል ለእንዲህ ያለችው እናት የተሠራ ይመስለኛል። የመስታወቱ ቤት ውስጡ እንደ ቆላ ይሞቃል፤ በበዓል ሰሞን ከቅርፊት፣ ከዘርና ከቅርንጫፍ የተሠሩ የከተማዋ ሕንፃዎች ትንንሽ አምሳያዎች ይደረደሩበታል። በአንድ ታኅሣሥ እዚያ ያየኋቸው ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ላይ የደረቡ እናት የቡናውን ተክል ቅጠል በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ «ይቺ እንኳ ጥላ ፈልጋለች፤ እዚህ ማን አመጣሽ?» ሲሏት ልጃቸው ሰዓቱን ያይ ነበር። እንዲህ ያለችን እናት ከዚያ ቦታ ማጣደፍ ነውር ነው። ጾመ ነቢያት ገና ስላልተፈታ ምሳው በዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ የጾም በየዓይነቱ ቢሆን ቀኑ በዚሁ ይሞላል።

የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያናቱ በጁላይ 4 ሰሞን ለሚደረገው የኳስ ውድድር ከየግዛቱ ሰው ማንቀሳቀስ ያውቁበታል። ከጃንዋሪ 2 እስከ እኛ ገና (ታኅሣሥ 29) ባሉት የሥራ ቀናት አሥር አሥር አረጋውያንን በሜትሮ ይዞ አንድ ሙዚየም ብቻ ለማስጎብኘት የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች ይበቃሉ፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ስሚዝሶኒያን ራሱ በነጻ ያውሳል። በዚህ ዓመት አንድ ደብር እንኳ ቢጀምረው፣ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ መስታወቱ ቤት ቢሆን እመርጣለሁ።